«ቁጥብ ነች» ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ አለቃዬ የሥራ ግምገማዬ ላይ «በሥራዋ ጥብቅ፣ በጠባይዋ ቁጥብ ነች» ብሎ ጻፈልኝ። ጓደኛዬ አይታው «ቋጣሪ ነሽ እያለሽ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ ዝምታዬን የነካው መሰለኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ተመሰገንኩ ወይስ ተነካሁ?

መልስ፦ ተመስግነሻል እህቴ፣ ያውም በሚያምር ቃል። «ቋጣሪ»ማ ከ«ቋጠረ» የመጣ ነው፤ ቋጥሮ የማይፈታ፣ ስስታም። ከ«ቁጥብ» ጋር ዝምድና የለውም። ዘመዱ «ቆጣቢ» ነው፤ ሁለቱም ከ«ቆጠበ» ይወጣሉ፣ ልክ «ከፈተ» ብለን «ከፋች» እና «ክፍት» እንደምንለው። ከፋች አድራጊው ነው፣ ክፍት ደግሞ የተደረገበት። እንግዲህ ቆጣቢ ሰው ገንዘብ፣ ውሃ፣ ጊዜ ይቆጥባል፤ ቁጥብ ሰው ግን የሚቆጥበው ራሱን ነው፣ ምላሱን፣ ቁጣውን፣ ያማረውን ሁሉ። ለዚህም ነው «ገንዘብ ቁጥብ ነው» የማይባለው። «በንግግሩ ቁጥብ ነው» እንላለን። ማስታወቂያ ላይ «ከማጨስ ይቆጠቡ» ሲባልም ነገሩ ያው ነው፣ ራስዎን ያዙ ማለት ነው።

ዝምተኛ ከቁጥብ ይለያል። ዝምተኛ ሰው ጭራሽ የሚለው ላይኖረው ይችላል፤ ቁጥብ ግን የሚለው አለው፣ አንዳንዴም አፉ ላይ ደርሶ ይመልሰዋል። እኔ ቃሉን የምወደው ለዚህ ነው፣ ውስጡ ትግል አለበት። ቁጥብ ሰው ሊስቅም ሊጫወትም ይችላል፣ ልኩን ያውቃል እንጂ። «ጭምት» ትንሽ ይቀርበዋል፣ ግን እሱ ወደ እርጋታው ያደላል።

አለቃሽ «ጥብቅ»ን መጨመሩም ትክክል ነው። ጥብቅ ሰው መለኪያ አለው፣ ሥራው ከዚያ እንዲጎድል አይፈልግም፣ ሌላውንም በዚያው ይይዛል። አንዱ ሰው ጥብቅ ሆኖ ቁጥብ ላይሆን ይችላል፤ ስህተት ባየ ቁጥር የሚጮህ አለቃ ጥብቅ ነው፣ ቁጥብ ግን አይደለም። ሁለቱን ባንድ ሰው ላይ ማግኘት ከባድ ነው፣ አንቺ ላይ አየሁ እያለሽ ነው።

ተቃራኒውን ከፈለግሽ «ልቅ» አለ፣ ሲብስ ደግሞ «ስድ»።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ነገ ስለራስሽ ስትጽፊ «ቁጠባ አለኝ» እንዳትይ፣ እሱ የባንክ ነገር ነው። ያንቺው «ቁጥብነት» ነው።