ሌሊት ሐኪም መቀስቀስ ነውር አይደለም

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት መጥተው አሜሪካ ነርሲንግ ሊጀምሩ ያሰቡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ትምህርቱ ይከብዳል ወይ?» ብለው ነው። አዎ፣ ይከብዳል። ግን የኛን ልጆች ሲያስቸግር ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። አገር ቤት ነርስ የነበራችሁ፣ ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የተመረቃችሁ፣ «ከዜሮ ጀምሩ» የሚላችሁን ሰው ቶሎ አትመኑት። ማስረጃችሁን እንደ ሲጂኤፍኤንኤስ (አሁን ስሙ ትሩሜሪት ሆኗል) ያለ ድርጅት ገምግሞት፣ የስቴታችሁ የነርሲንግ ቦርድ ከፈቀደ ለኤንክሌክስ (ለነርስነት ፈቃድ ፈተና) መቀመጥ ይቻላል። ስቴት ከስቴት ስለሚለያይ ቦርዱን ራሱን ጠይቁ። ትራንስክሪፕቱ መላክ ያለበት ከትምህርት ቤቱ ነው። «እህቴ ስትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች» አይሠራም። ሬጅስትራር ቢሮ የሚመላለስላችሁ ዘመድ ግን ያስፈልጋችኋል። የካርድና የትራንስፖርት ላኩለት እንጂ።

ከዜሮ የምትጀምሩ ደግሞ መጀመሪያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሁኑ። ኮርሱ የሳምንታት ነው። ሰው ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ታማሚ ማገላበጥ ወገብ ይቆርጣል፤ ግን ሙያው እንደሚሆናችሁ ወይም እንደማይሆናችሁ ብዙ ገንዘብ ሳታወጡ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የአካባቢው የመንግሥት ኮሌጅ) ይሻላል። ማስታወቂያው ያማረ የግል ትምህርት ቤት ከመግባታችሁ በፊት ተማሪዎቹ ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህል እንደሚያልፉ አጣሩ። አናቶሚን ከሁለት ሥራ ጋር አትውሰዱ። አገር ቤት የምትልኩትን ለጊዜው ቀንሱ። ዘመድ ይቀየማል፤ ይቀየም።

ኤንክሌክስ ከ2023 ወዲህ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ነው፤ የተሰጠው ጊዜ 5 ሰዓት። በትክክል በመለሳችሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ያከብደዋል። ስለዚህ ሲከብዳችሁ «ወደቅሁ» ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። አዲስ ነርስ ብዙውን ጊዜ ናይት ነው የሚደርሰው፤ ምሽት 1 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታችን ጉድ የሚያደርገን። እኛ አገር ትልቅ ሰው ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም፤ ሐኪምማ ጭራሽ። ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የታማሚ የደም ግፊት ሲወርድ «እስቲ ትንሽ ልየው» እንላለን። አትዩት፤ ደውሉ። ተረኛ የሆነው ለዚሁ ነው። ይቅርታም አታብዙ።

«ዶክተር፣ የ12 ቁጥር ታማሚ፣ ትናንት የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት። ግፊቱ ከ128 ወደ 88 ወርዷል፣ የልብ ምቱ 122 ነው፣ ሽንቱም ቀንሷል። አሁኑኑ መጥተው ቢያዩልኝ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ቢቆጣ ይቆጣ። ካልመጣ ለቻርጅ ነርሷ (ለተረኛ ነርሶች ኃላፊ) ንገሩ፣ ራፒድ ሪስፖንስ (የሆስፒታሉን የድንገተኛ ቡድን) ጥሩ፣ የደወላችሁበትን ሰዓትም መዝግቡ። በስልክ የመድኃኒት ትእዛዝ ስትቀበሉ መልሳችሁ አንብቡለት። ፊፍቲንና ፊፍቲ በስልክ ይምታታሉ፤ «አንድ፣ አምስት» ብላችሁ ቁጥር በቁጥር አረጋግጡ። አክሰንት የሌለበትም ነርስ ይህን ያደርጋል፣ ደንብ ነው።

ቀን መተኛት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መስኮቱን በወፍራም ነገር ሸፍኑት፤ እኔ የመንዝ ባና ነው የሰቀልኩበት፣ የሚያየኝ ሁሉ ይስቃል። ዋሽንግተን አካባቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስትተኙ፣ በአሜሪካ በጋ ደብረ ብርሃን ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቡና ተፈልቶ ስማችሁ የሚነሣበት፣ «እስቲ ደውሉላት» የሚባልበት ሰዓት። የሥራ ቀናችሁን ለእናታችሁ ንገሯትና ስልኩን ዝጉ።

በሶ ይዛችሁ ግቡ፤ ሌሊት እንደ ከባድ ምግብ አይጫጫንም። ቡና ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ይቅርባችሁ። ጠዋት ዓይናችሁ ከከበደ ደግሞ መስኮት ከፍቶ መንዳት አያነቃም። ፓርኪንግ ውስጥ 20 ደቂቃ ተኝታችሁ ንዱ፤ ካልሆነም ኡበር ጥሩ።