በታብ ወይስ በጆሮ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሐዋሳ የደረሱንን አምስት ጥያቄዎች ይዘናል። አራቱ ስለ ጊታር፣ አንዱ ስለ ክራር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጊታር ብቻዬን መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የምለማመደው ስልኬ ላይ ታብ (የሚነካውን ክርና ቦታ በመስመርና በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) እያየሁ ነው። ቁጥሩን አልስትም፤ ጓደኞቼ ግን «ምንድን ነው የምትጫወተው?» ይሉኛል። ታቡን ከዘጋሁት ደግሞ አንድ ስንኝ እንኳ ማውጣት ያቅተኛል። ልተወው?
የ17 ዓመት ተማሪ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አትተወው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጠው። ታቡ የሚነግርህ ጣትህ የትኛው ክርና የትኛው ፍሬት (የጊታሩን አንገት በሚከፋፍሉት ብረቶች የሚለየው ቦታ) ላይ እንደሚያርፍ ነው። ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የቱ ጎላ ብሎ የቱ ለስለስ ብሎ እንደሚመታ ኢንተርኔት ላይ በሚገኘው ተራ ታብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሉት (ጊታር መሰል ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋቾች በታብ ሲጽፉ የምቱን ርዝመት የሚያሳይ ምልክት ከመስመሮቹ በላይ ያኖሩ ነበር። በኪቦርድ በሚተየበው ታብ የጎደለው ይኸው ነው። ጓደኞችህ ዘፈኑን ያላወቁት ቁጥሮቹን ሁሉ እኩል ስለምታስኬዳቸው ይመስለናል። በተለይ በችክችካ ምት ይህ ጎልቶ ይሰማል። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ሲሆን ክብደቱ 1 እና 4 ላይ ይወድቃል። ቁጥሩን ሳትስት ክብደቱን ከሳትክ ዜማው ከእጅህ ይጠፋል።

የእኛን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ቤት ልብ በል። በዜማ መጽሐፉ በድጓ ላይ ከቃሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉ ምልክቶች አሉ። ተማሪው ግን ዜማውን የሚቀበለው ከመሪጌታው አፍ ነው፤ ምልክቱ የሰማውን እንዳይረሳ ያግዘዋል። ዜማውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ምልክቱ ብቻውን አይዘምርለትም። ታብንም በዚህ ቦታው አስቀምጠው።

እንግዲህ አንድ ዘፈን ምረጥና ሁለት ቀን ጊታር ሳትነካ ስማው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንጎራጎር እስክትችል አትቸኩል። ማንጎራጎር ያቃተህ ቦታ ላይ ጣትህም መቆሙ አይቀርም። ከዚያ አራት ሰከንድ ያህል የሚረዝም ቁራጭ ውሰድና የቪዲዮውን ፍጥነት ወደ 0.75፣ ካስፈለገም ወደ 0.5 ዝቅ አድርገው፤ ፍጥነቱ ቢወርድም የድምፁ ከፍታ አይለወጥም። ቁራጩን በአፍህ በለውና በአንድ ክር ላይ ብቻ ፈልገው። ጀማሪን የሚያደናግረው ስድስቱንም ክር ባንድ ጊዜ መፈለጉ ነው። በአንድ ክር ላይ ግን ድምፁ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ሌላ መንገድ የለውም። አግኝተኸው ስታበቃ ወረቀት ላይ የራስህን ታብ ጻፍ፤ ከ1 እስከ 6 ያለውን የምቱን ቆጠራም ከቁጥሮቹ በላይ አኑር።

የሌላ ሰው ታብ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ያንተና የእሱ ካልተገጣጠሙ ወዲያው «ተሳሳትኩ» አትበል። አንደኛ፣ ማንም ጽፎ መለጠፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ድምፅ ጊታር ላይ ብዙ መኖሪያ አለው፦ ባዶው (ጣት ያልተጫነው) አንደኛ ክር፣ ማለትም ቀጭኑ፣ የሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬትና የሦስተኛው ክር 9ኛ ፍሬት አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ታብ ውለታው የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ጆሮህ ድምፁን ያገኘዋል እንጂ እጅህ በየትኛው ቦታ ላይ ሆኖ ቀጣዩን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) በቀላሉ እንደሚይዝ አይነግርህም።

በቀን ግማሽ ሰዓት ካለህ አሥሩን ደቂቃ ለመስማትና ለማንጎራጎር፣ አሥራ አምስቱን ለመፈለግ፣ አምስቱን ለማመሳከር አድርገው።

ጥያቄ፦ በጆሮ ማውጣት ጀምሬያለሁ፤ ቅኝቱን (ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ድምፆች) መለየት ግን አቃተኝ። ትዝታ ነው ያልኩት ዘፈን ባቲ ነው እባላለሁ። በምን ልለየው?
ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ በመጀመሪያ ቅኝቶቹን በአንድ ክር ላይ ይያዟቸው። ከላይ «ታብ ተከታይ ነው» ብለን እዚህ ቁጥር መደርደራችን ቢያስቅዎትም፣ ለዚህ ሥራ ከቁጥር የተሻለ የለም። ማረፊያው ድምፅ (ዜማው ገብቶ የሚያርፍበት) ባዶው አምስተኛ ክር ይሁን፤ ቁጥሮቹ በዚያው ክር ላይ ያሉ ፍሬቶች ናቸው።

ትዝታ ሜጀር፦ 0, 2, 4, 7, 9
ትዝታ ማይነር፦ 0, 2, 3, 7, 8
ባቲ ሜጀር፦ 0, 4, 5, 7, 11
ባቲ ማይነር፦ 0, 3, 5, 7, 10
አምባሰል፦ 0, 1, 5, 7, 8
አንቺሆዬ፦ 0, 1, 5, 6, 9

እያንዳንዱ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲደርስ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። በቀን አንዱን ብቻ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች እየተጫወቱ አብረው ያዚሙት።

አሁን ወደ ግራ መጋባትዎ እንምጣ። የትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች ሳይነኩ ማረፊያውን ወደ 9ኛው ፍሬት ቢያዛውሩት ባቲ ማይነር ይሆናል። የትዝታ ማይነርንም ማረፊያውን 7ኛው ፍሬት ላይ አድርገው ቢጀምሩት አምባሰል ሆኖ ያገኙታል። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለየው ዜማው የት ገብቶ እንደሚያርፍ ነው። አምስቱን ድምፅ በትክክል አግኝቶ የቅኝቱን ስም የሚስት ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ታብም አያድነውም፣ ማረፊያውን ለይቶ አያሳይምና።

ማረፊያውን ለማግኘት ዘፋኙ የጀመረበትን ድምፅ አይመኑ፤ ዜማ ከማረፊያው ርቆ ሊነሳ ይችላል። ስንኙ የሚዘጋበትን ይጠብቁ፣ ዘፈኑን እዚያ ላይ ያቁሙትና «አሁን ቢያልቅ ቅር አይለኝም» የሚያሰኝዎትን ድምፅ ያዚሙ። ቤዝ ጊታር ካለበት ቤዙ ስንኙ ሲዘጋ የሚረግጠውን ድምፅ ያዳምጡ፤ ብዙውን ጊዜ እሱው ነው። ከዚያ በኋላ ከማረፊያው ቀጥሎ ያለው ድምፅ አንድ ፍሬት ብቻ ከራቀ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ፣ ሁለት ከራቀ ትዝታ፣ ሦስት ወይም አራት ከራቀ ባቲ ነው። አምባሰልንና አንቺሆዬን አራተኛው ድምፅ ይለያቸዋል፦ 7 ከሆነ አምባሰል፣ 6 ከሆነ አንቺሆዬ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ክራርና ማሲንቆ ፍሬት የላቸውም። ባለሙያው አንዳንዱን ድምፅ ከጊታሩ ፍሬት ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሊያኖረው ይችላል። ጆሮዎ «አልገጠመም» ካለዎት ጆሮዎን አይውቀሱት፤ ጊታሩ ያንን ድምፅ የለውም።

ጥያቄ፦ የታቡ የላይኛው መስመር ወፍራሙ ክር ነው ወይስ ቀጭኑ?
ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ቀጭኑ። ጊታሩን ጭንዎ ላይ አጋድመው ወደ ታች ሲያዩት የሚታይዎት ቅደም ተከተል ነው። ገልብጦ የሚያነብ ሰው ዜማው ሁሉ ባዕድ ይሆንበታል፤ ስለዚህ አንድ የሚያውቁትን ዜማ ሞክረው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ጊታሬን በስልክ ቱነር (መቃኛ መተግበሪያ) ቃኝቼ ከአሮጌ ካሴት ከተቀዳ ዘፈን ጋር ልጫወት ስል አይገጥምም። አንዱ ፍሬት ዝቅ ይላል፣ ቀጣዩ ከፍ ይላል። ጆሮዬ ነው የተበላሸው?
ከመሃል ከተማ

መልስ፦ ጆሮዎ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ካሴት ማጫወቻ በፍጥነት ሲሮጥ ድምፁ ይወጣል፣ ሲያዘግም ይወርዳል። የአንድ ፍሬት ልዩነት ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ የፍጥነት ልዩነት ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ከካሴቱ ሲቀዳ ማጫወቻው 3 በመቶ ብቻ ፈጥኖ ከነበረ ዘፈኑ በሁለት ፍሬቶች መካከል ይቀመጣል። የዘፈኑ ታብ ቢገኝ እንኳ እያንዳንዱ ቁጥር ስህተት ይመስልዎታል።

ሁለት መፍትሔ አለ። ኮምፒውተር ካለዎት ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነትንና የድምፅ ከፍታን አብሮ በሚለውጠው ትእዛዝ ቅጂውን በ3 በመቶ ዝቅ ያድርጉት። ለልምምድ ማዘግየት ሲፈልጉ የሚጠቀሙት ግን ሌላኛውን፣ ከፍታውን የማይነካውን ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱን አያምታቱ። ኮምፒውተር ከሌለዎት ጊታሩን ወደ ዘፈኑ ይውሰዱት። ብዙ ቱነሮች ላይ 440 የሚለውን መነሻ ቁጥር መቀየር ይቻላል፤ ዘፈኑ በትክክል መሃል ላይ ከወደቀ ወደ 427 ገደማ አውርደው ስድስቱንም ክር ይቃኙ። ወደ 453 መውጣትም ያው ውጤት አለው፤ ይሁንና ክርን ማክረር የመበጠስ አደጋ ስላለው ማላላቱ ይሻላል። ሲጨርሱ ቱነሩን ወደ 440 መመለስ እንዳይረሱ፤ ነገ ከሌላ ሰው ጋር ሲጫወቱ ያሳፍርዎታል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ክራር ትማራለች። አስተማሪዋ የክሮቹን ቁጥር ደብተር ላይ ይጽፍላታል፤ እሷም ደብተሩ ከሌለ አትነካውም። ጉዳት አለው? ደግሞም ማታ ማታ ክራሩ ቅኝቱን ይለቃል።
ከባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ቁጥሩ በራሱ አይጎዳም። የተለመደው ክራር ስድስት ክር ነው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ሲሆኑ ስድስተኛው አንዱን በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ በሌላ ከፍታ) ይደግማል። ከ1 እስከ 6 መጻፍ እንግዲህ ለክራር ከጊታር ይልቅ ይቀላል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን አስተማሪውን ይጠይቁ። ክራር በጣት እየተነጠለ ሲመታ ቁጥሩ የምትነካውን ክር ያመለክታል። በመምቻ ሁሉም ክር ባንድ ጊዜ ሲመታ ደግሞ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ስለሚይዙ፣ ቁጥሩ ጣቷን የምታነሳበትን ክር ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱ ተደበላልቀው የተጻፉበት ደብተር ልጅን ያደነዝዛል።

ከደብተሩ ለማላቀቅ፣ የተጻፈላትን ዜማ መጀመሪያ በአፏ ትበለው፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች በወረቀት ይሸፍኑባትና በጆሮዋ ትጨርሰው። በየሳምንቱ የሚሸፈነውን ይጨምሩ። ባንድ ጊዜ ደብተሩን መንጠቅ አንመክርም፤ ክራሩን ትጠላዋለች።

የቅኝቱ መልቀቅ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ናይለን ክር አዲስ ሲሆን ለብዙ ቀናት ይለጠጣል፤ ይህ ከሆነ በየቀኑ እየቃኙ መጠበቅ ነው። የክራሩ ፊት ቆዳ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ሲስብ ይላላል፣ በላዩ ያለው የክሩ መደገፊያ ዝቅ ይላል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ሐይቁ አጠገብ ማታ ውጭ ተቀምጣ የምትለማመድ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ከመጀመሯ በፊት ክራሩ በምትጫወትበት ቦታ ሩብ ሰዓት ይቆይና ከዚያ ይቃኝ። ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ እንዳታቆሙት፤ ባንዴ የደረቀ ቆዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅኝቱንም ቢሆን እሷው ትቃኘው፤ የመጀመሪያውን ክር እናንተ ስጧት፣ የቀሩትን አምስቱን በጆሮዋ ታምጣ።