ከአንቀጽ 2 ጀምሩ፦ ስለ ፋብሪካ ጭስ ፈቃድ ጥያቄና መልስ

ጎጃም ውስጥ ፋብሪካ በጨመረ ቁጥር የጭሱና የአቧራው ጥያቄም ጨምሯል። ሥራዬ የፋብሪካ ልቀት መለካትና የፈቃድ ሰነድ ማዘጋጀት ስለሆነ፣ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አዋጅ ስታነቡ ወደ ቅጣቱ አትሩጡ። መጀመሪያ አንቀጽ 2ን አንብቡ። ትርጓሜው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ማን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ማን እንደሚያመልጥ የሚለየውም እሱ ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ ጭስ አይታይም፣ ሽታው ግን አላስቀምጥ አለን። ሽታ ብቻውን ብክለት ይባላል?

መልስ፦ ሊባል ይችላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 «በካይ» የሚለውን ሰፋ አድርጎ ነው የተረጎመው። ፈሳሽ ይሁን ጠጣር ወይም ጋዝ፣ የአካባቢን ጥራት ለውጦ ጥቅሙን ከጎዳ በካይ ነው። መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ፣ ንዝረትና ሙቀትም በስም ተጠርተዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ የሚያድር ጀነሬተርም ከዚህ አያመልጥም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ሰፈራችን አጠገብ ጠጠር የሚፈጭ ክሬሸር አለ። ባለቤቱ «ጭስ ማውጫ የለኝም፣ የአየር ብክለት እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከላይ ያለው ትርጓሜ በምን በኩል እንደወጣ አይጠይቅም። የአሜሪካን ደንብ ብታይ ደግሞ ነገሩን ለይቶ ያስቀምጠዋል፦ በጭስ ማውጫ፣ በቱቦ ወይም በመሰል መውጫ «በአግባቡ ሊያልፍ የማይችል» ልቀት የራሱ ስም አለው፣ «ፉጂቲቭ» (ያመለጠ) ልቀት ይባላል። ቁልፉ «በአግባቡ» የምትለዋ ናት። መሸፈንና አቧራውን በቱቦ መሳብ እየተቻለ ባለቤቱ ስላልፈለገ ብቻ ልቀቱ እዚህ ክፍል ውስጥ አይገባም።

ክሬሸር ላይ አቧራው ከየት እንደሚነሳ ጠጋ ብለህ እይ። ድንጋዩ አፉ ውስጥ ሲገለበጥ አንዴ ቡን ይላል። ከቤልቱ ጫፍ ወደ ክምሩ ሲወርድ ደግሞ ሌላ። ገልባጭ መኪናው የረገጠውን መንገድም አትርሳ። በበጋ ውሃ ካልተረጨ አቧራው የተሰጣ ልብስ ላይ፣ የገብስ ክምር ላይ ሳይቀር ያርፋል። ፈቃዱ ውስጥ መጻፍ ያለባቸው እነዚህ ቦታዎች ናቸው፤ «አቧራ ይቀንሳል» የሚል አንድ መስመር ለማንም አይረባም።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ በቀን 8 ሰዓት ነው የምንሠራው። የውጭ ሰነድ ላይ ግን ልቀታችን በዓመት 8,760 ሰዓት ተቆጠረ። ይህ ግፍ አይደለም?

መልስ፦ ግፍ አይደለም ወንድሜ፣ ትርጓሜው ነው። 24 ሰዓት በ365 ቀን ሲባዛ 8,760 ይመጣል። በአሜሪካ ደንብ የሚቆጠረው ማሽኑ ሊለቅ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። በሰዓት 2 ኪሎ የሚለቅ ቦይለር በዓመት 17.5 ቶን ገደማ ይሆናል። ፈቃድህ ላይ «ከ3,000 ሰዓት በላይ አልሠራም» ብለህ ግዴታ ከገባህና ሰዓቱ የሚመዘገብ ከሆነ 6 ቶን ይሆንልሃል። በቃል ብቻ «8 ሰዓት ነው» ማለት ግን አያዋጣም። እኔ ይህን እደግፋለሁ፤ ትእዛዝ ሲበዛ ሌሊትም የማይሠራ ፋብሪካ የታለ?

ጥያቄ፦ ልኬቱ 40 ሚሊ ግራም በኪዩቢክ ሜትር ወጣ፤ ገደቡ 50 ነው። ፈተናውን አለፍን ማለት ነው?

መልስ፦ ኦክስጅኑ ስንት ነበር? ማውጫው ውስጥ ንጹህ አየር ከገባ ቁጥሩ ይወርዳል። ጠላ ላይ ውሃ ብትጨምር ይቀጥናል እንጂ ጌሾው አይቀንስም። ስለዚህ ብዙ ደንቦች የኦክስጅን መነሻ ያስቀምጣሉ፤ ለሲሚንቶ ምድጃ የተለመደው 10 በመቶ ነው። ያንተም የሲሚንቶ ምድጃ ሆኖ የለካኸው 15 በመቶ ኦክስጅን ላይ ከሆነ፣ 40ው ሲስተካከል ወደ 74 ይጠጋል። ፈተናውን አላለፋችሁም፤ ከገደቡ በላይ ናችሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ ቅዳም)፦ እኛ ፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለን ከሰል እናከስላለን። ፈቃድ አውጡ ልንባል ነው?

መልስ፦ ደንብ ቁጥር 159/2001 የኢንዱስትሪ ብክለትን የሚመለከት ነው። በእኔ አስተያየት አፈር አልብሶ የሚያከስል ገበሬ ፋብሪካ አይደለም። ጭሱ ግን ጭስ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት። ከቤት አርቁት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው የሌላ ቀበሌ ነው። አቤቱታ ባቀርብ «አንቺ ምን አገባሽ» አይሉኝም?

መልስ፦ አይሉሽም እቴ፣ ቢሉሽም ሕግ የለውም። አዋጅ 300 አንቀጽ 11 ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልግ ማንም ሰው አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አስገቢ፤ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም አስመቺ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ቀኑ ካለፈብሽ ያስቸግራልና ቅጂው ከእጅሽ አይጥፋ።