በሰፈር ትምህርት ቤት በነጻ ላግዝ ወይ ላልሽው እህቴ

«ልጆቼ የግል ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ላግዝ ብል ያዋጣል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያዋጣል፣ ግቢበት። በየት በኩል እንደምትገቢ ግን ልንገርሽ።

1. ከወረዳ አትጀምሪ። እኔን ርዕሰ መምህሩ «መጀመሪያ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አምጣ» ብሎ ላከኝ። እዚያ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላም አላየችኝ። «ከየትኛው ድርጅት ነህ?» ከየትም አይደለሁም፣ የሰፈሩ ነዋሪ ነኝ። «ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?» ይኸውልሽ፣ በነጻ ላስተምር ማለት ያስጠረጥራል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና፣ ማኅተም የያዘችው ፈቃድ ወጥታለች… መንፈቅ ዓመቱ አለቀ። በሩን የከፈተልኝ ወተመህ ነው። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱን ሰብሳቢ ፈልጊ። የእኛው ባለ ሱቅ ናቸው። ስኳር እየመዘኑ ሰምተውኝ በዚያው ሳምንት ከሂሳብ መምህሩ ጋር አገናኙኝ።

2. ዕቃ ይዘሽ አትሂጂ። ይህቺ አሁንም ታበግነኛለች። ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አጋዥ መጻሕፍት ገዛን። አዲስ አበባ ላይ ልጁ እስከ 6ኛ ሂሳቡን በአማርኛ ተምሮ 7ኛ ሲገባ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ስሌቱን እየቻለ ጥያቄው ስላልገባው ብቻ የሚወድቅ ስንት አለ መሰለሽ! ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ቆርጦ ተረከበን፣ ተጨበጨበልን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ መጻሕፍቱ ስቶር ገቡ፣ ተቆለፈባቸው። ለምን ለልጆቹ አይሰጡም ስል «ቢጠፋ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አለኝ። የእሱስ እሺ፣ እውነቱን ነው። ግን የኢንስፔክሽን ቡድን የመጣ ቀን መደርደሪያ ላይ ተኮልኩለው አየኋቸው! በነጋታው ተመልሰው ስቶር። ስለዚህ መስጠትሽ ካልቀረ ጥያቄዎች ኮፒ አስደርገሽ በልጆቹ እጅ ስጪ። ለኮፒ ሞዴል 19 የሚቆርጥ የለም።

3. «የተገኘውን ልሥራ» አትበይ። እንደዚያ ካልሽ አጥር ቀብተሽ፣ ችግኝ ተክለሽ ትመለሻለሽ። እኔ የያዝኩት የ8ኛ ክፍል ሂሳብ ብቻ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው ሲባል ሁላችንም ቡና ላይ አወራንበት። ከእኔ ጋር የተቀመጡትን ልጆች ሳይ ግን ብዙዎቹን የጣላቸው ክፍልፋይ ነው፣ ያውም ገና 5ኛ ክፍል ላይ። እሱን ከሥሩ ጀመርን። ውጤት የወጣ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው አሳዩኝ። ይህን ስጽፍ ደረቴን ነፍቼ ነው፣ ምን ላድርግ! ወረዳዋ ያለችው ሴትዮ በሰማች።

በተረፈ መምህሩን ልጆቹ ፊት አታርሚው፣ ይቀየምሻል። የጥበቃውን ስልክም ያዢ። ቅዳሜ ርዕሰ መምህሩ አይገኝም፣ የክፍሎቹ ቁልፍ ያለው ጥበቃው ጋ ነው።