ፍቺ፣ ልጅና ቀለብ፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ ላይ በጥብቅና የምይዘው በብዛት የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጠየቃችሁኝ። ተደጋግመው የመጡትን እነሆ።

ልጄ 3 ዓመቱ ነው። እስከ 5 ዓመቱ የእናት ነው ይሉኛል። እውነት ነው? (ከኩታበር)

እህቴ፣ ይህ አባባል የመጣው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ያንን የዕድሜ ገደብ አስቀርቶታል። እኛ ጋ የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ዳኛው የሁለታችሁን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር ያያል። ከሁሉም በላይ ግን የልጁን ጥቅም ይመዝናል። የልጁ ሕፃንነት ይረዳሻል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁን ማን እንደሚያጥበው፣ ሲታመም ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው የሚያውቁ ጎረቤቶችን በምስክርነት አስመዝግቢ።

ልጆቼን አላሳይ አለችኝ። ቀለቡን ባቆምስ? (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እባክህ አታቁም። ቀለቡ የልጆችህ እንጂ የእሷ አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ፍርዱ ላይ የመጎብኛ ቀን ካለ ፍርዱ በግድ እንዲፈጸምልህ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈት። ከሌለ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ተለይቶ እንዲወሰንልህ አመልክት። «በየጊዜው ይጎብኝ» የሚል ውሳኔ ለጠብ በር ይከፍታል። ለእናቶችም ያው ነው፦ ቀለብ አልከፈለም ብሎ ልጅን ከአባቱ መደበቅ አይገባም። ሁለቱም ሲደረግ አያለሁ፤ የሚጎዳው ልጁ ስለሆነ በጣም ያመኛል።

ቀለብ ስንት ነው የሚቆረጠው?

በሕግ የተቆረጠ ሒሳብ የለም። የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ይታያል። ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቆረጥ ያዛል። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም። ገበሬ ወይም ነጋዴ ከሆነ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ሱቁን በማስረጃ ማሳየት ያንቺ ሥራ ነው። የትምህርት ቤትና የሕክምና ደረሰኝ አትጣይ። ኑሮ ሲወደድ ቀለቡ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ያልተከፈለሽ ካለ ግን ቶሎ ጠይቂ፤ የቆየ ቀለብን ማስከፈል ይከብዳል።

ሽማግሌዎች አፋቱን፤ ስለ ልጆቹም ተፈራረምን። ይበቃል?

አይበቃም። ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ነው። ስምምነታችሁን ይዛችሁ ቅረቡና ይጽደቅላችሁ፤ ልጆቹን የሚጎዳ ከሆነ ግን ዳኛው ላይቀበለው ይችላል።

ባሌ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሰሰኝ። እኔ መደበኛውን እፈልጋለሁ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። መጥሪያ ደርሶሽ ዝም አትበይ፤ ዝምታሽ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል። በቀጠሮው ቀርበሽ አለመስማማትሽን አስመዝግቢ።

የልጅ ልጄን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናቱ ዓረብ አገር ናት። ዞር ብሎ ያላየው አባቱ አሁን ውሰደው ተብያለሁ ይላል። (ከሐይቅ)

እማማ፣ አይደንግጡ። ወላጅ ቅድሚያ አለው፤ ግን ወላጅ በመሆኑ ብቻ አይፈረድለትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት (በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ ያለ የሕግ ስህተትን የሚያርመው) በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ለእርስዎ ይጠቅማል። በዚያ ጉዳይ እናት ሞታለች፤ ልጁን ያሳደገችው አክስት ነበረች። አባት ልጁ ይሰጠኝ ብሎ በሥር ፍርድ ቤቶች ተፈረደለት። ሰበር ችሎቱ ግን የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ውሳኔውን ሻረው። መሠረት ያደረገው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ነው። የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ይገዛል።

እንግዲህ የልጁን የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ወረቀትና የቀበሌ መታወቂያዎን ይያዙ። ከእናቱም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ያስልኩ። ፍርድ ቤት ሳያዝ ልጁን ማንም በጉልበት ከቤትዎ እንዲወስድ አይፍቀዱ፤ ከመጡብዎ ለፖሊስ ያመልክቱ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለዎት ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄደው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።