ስለ ኒቆዲሞስ ጠይቁኝ፦ በካንሳስ ሜዳ ላይ ያለች የገጠር ታውንሺፕ

ከባርነት የወጡ ጥቁሮች አሜሪካ ውስጥ ስለመሠረቷት ስለዚህች ቦታ ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ ብዬ ነበር። ከመጡት የቻልኩትን መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታውንሺፕ ማለት ቀበሌ ነው ወይስ ወረዳ?

መልስ፦ ካውንቲውን ወረዳ ካልን ታውንሺፕ ወደ ቀበሌ ይጠጋል። ነገሩ የተጀመረው ግን በመሬት ልኬት ነው። በ1785 በወጣ ድንጋጌ መሠረት፣ ነባሮቹ ሕዝቦች እየኖሩበት፣ መሬቱን ስድስት ማይል በስድስት ማይል እየለኩ ቆራረጡት። እያንዳንዱ 36 ቁራሽ ይወጣዋል። አንዱ ቁራሽ 640 ኤከር ነው። ካንሳስ ያለችበት ሚድዌስት ከአውሮፕላን ሲታይ የዳማ ገበታ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የት አካባቢ ናት?

መልስ፦ ሰሜን ምዕራብ ካንሳስ፣ ግራሃም ካውንቲ፣ ደቡብ ሰለሞን ወንዝ አጠገብ። ሣር፣ ስንዴና ነፋስ። ዛፍ ፈልጋችሁ ከሆነ ወንዙ ዳር ሂዱ።

ጥያቄ፦ ስሟ ከዐቢይ ጾሙ ኒቆዲሞስ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነበር። በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው ሰውዬ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ሌላ ነው፤ በባርነት መጥቶ ኋላ ራሱን ገዝቶ ነፃ ስለወጣ ኒቆዲሞስ ስለሚባል ሰው ይተረካል።

ጥያቄ፦ ጥቁሮች እዚያ ድረስ እንዴት ሄዱ?

መልስ፦ የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት አልቆ ባርነት ቢቀርም የአገሪቱ ደቡብ አላኖራቸውም። በ1877 ደብሊው አር ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ነጋዴና ደብሊው ኤች ስሚዝ የሚባሉ ጥቁር ቄስ ሆነው ከተማ እንመሥርት አሉ። ኬንታኪ ስቴት ውስጥ የማስታወቂያ ወረቀት በተኑ። በ1862ቱ ሕግ ደግሞ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው 160 ኤከር ይሰጠው ነበር። በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል አለፍ ይላል። ማን ይጠላል?

በዚያው መስከረም ከ300 በላይ ሰው መጣ። ባቡሩ ኤሊስ የምትባል ከተማ ላይ አወረዳቸው። ከዚያ ወዲያ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ነው። በቀጣዩ ፀደይ የደረሰችው ዊሊያና ሂክማን የተናገረችው አይረሳኝም። መንገድ ላይ ታማ ነበር። ወንዶቹ «ያቻት ኒቆዲሞስ!» ብለው ሲጮኹ ብታይ ብታይ ምንም የለም። «የታለች?» አለች። ባሏ ከመሬት የሚወጣ ጭስ አሳያት። ሰዉ ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር የሚኖረው። ቆማ አለቀሰች።

ወደ 60 ቤተሰብ ተመለሰ። የቀሩት በአካፋና በመቆፈሪያ አረሱ። የመጀመሪያው ክረምት ሲከፋ ከአደን የሚመለሱ ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የኦሴጅ ሰዎች ሥጋ እንዳካፈሏቸው ይነገራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ከሰመች?

መልስ፦ ባቡሩ ነው ጉድ ያደረጋት። በ1880ዎቹ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ሁለት ጋዜጣ ነበራት። እዚያ የኖረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ኦዲተር ሆኖ ተመርጧል፤ ለጥቁር ሰው በዚያ ዘመን ቀላል አይደለም። ባቡር እንዲመጣላቸው 16,000 ዶላር ቦንድ አጸደቁ። የጠበቁት ኩባንያ ቀረ። ሌላኛው በ1888 ከወንዙ ማዶ አለፈ። ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ሐዲዱ ወዳለበት ወደ ቦግ ሄደ። በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ አውሎ ነፋስ ተጨመረበት። ፖስታ ቤቱም በ1953 ተዘጋ።

ጥያቄ፦ አሁን የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ አምስት ሕንፃ። ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ የድሮው ሆቴልና በ1939 ከኖራ ድንጋይ የተሠራው የታውንሺፕ አዳራሽ። ከ1996 ጀምሮ በብሔራዊ ታሪካዊ ቦታነት ይጠበቃሉ።

ጥያቄ፦ መቼ ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ሐምሌ መጨረሻ፣ በጁላይ ማብቂያ። ነዋሪው ከሃያ አይበልጥም፤ በዚያ ሰሞን ግን ልጅ የልጅ ልጁ ለዓመታዊው በዓል ከየስቴቱ ይጎርፋል። በዓሉ የተጀመረው ገና በ1878 ነው። ቤንዚን ቀድማችሁ ሂል ሲቲ ላይ ቅዱ። አዎ፣ የካውንቲው ዋና ከተማ ስሟ የዚያው የመሬት ነጋዴ ነው።