ከጣት በፊት ጆሮ

በዚህ እትም ከጅማ የደረሱንን የሙዚቃ መሣሪያ ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ሁሉም በአንድም በሌላም መንገድ ስለ ጊዜ የሚጠይቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሄርማታ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ባለ 6 ክር ክራር ገዝቻለሁ። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ግማሽ ሰዓት አላጣም። አንዱ «በ3 ወር ትጫወታለህ» ይለኛል፣ ሌላው «ከልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም» ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ወር መቁጠሩን ትተህ ሰዓት ቁጠር። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ከያዝክ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በዓመት ከ150 ሰዓት በላይ ይሆንልሃል። በእኛ ግምት የመጀመሪያው ከ20 እስከ 30 ሰዓት አያያዝና ቅኝት ላይ ያልቃል። ወደ 100 ሰዓት ስትጠጋ አራት አምስት ዜማ ዝግ ባለ አካሄድ ሳትቋረጥ ትወጣለህ። እየዘፈንክ ራስህን ለማጀብ ከ300 እስከ 400 ሰዓት ያስፈልግሃል፤ በአንተ አካሄድ 2 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። መድረክ ላይ ሌላውን ዘፋኝ ማጀብ ግን ከ1,000 ሰዓት በፊት የሚሆንለት ጥቂት ሰው ነው። ዕድሜህ የሚከለክልህ ነገር የለም። ልጅ ከአንተ የሚበልጠው ትርፍ ጊዜ ስላለውና ቢሳሳት ስለማያፍር ነው።

ብዙ ሰው ዓመት የሚያጠፋው ቅኝት ላይ ነው። ባልተቃኘ ክራር ወር ሙሉ የተለማመደ ሰው ጆሮው የተሳሳተውን ድምፅ እንደ ትክክለኛ ይይዘዋል፤ ያንን ማስለቀቅ እንደ አዲስ ከመጀመር ይከብዳል። ስለዚህ በትዝታ ሜጀር ጀምር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ የቀረው ክር የላይኛው ዶ ነው። ስልክህ ላይ ቱነር (የክሩን ድምፅ ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ) ጫንና እያንዳንዱን ክር ለየብቻው እየነካህ ቃኝ። ምንጊዜም ከታች ወደ ላይ እየወጠርክ ድረስበት። ካለፍከው አላላውና እንደገና ከታች ተነስ፤ እያላሉ የተቃኘ ክር ጥቂት ቆይቶ ይወርዳልና።

ከዚያ ቱነሩን ዝጋና ሁለቱን ዶ አንድ ላይ ምታቸው። ድምፁ «ዋው-ዋው-ዋው» እያለ ከተወዛወዘ ገና አልገጠሙም። አንዱን ክር በጣም በቀስታ ወጥር (ውዝዋዜው ከፈጠነ መልሰህ አላላውና ሌላኛውን ወጥር)፤ ውዝዋዜው እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ገጥመዋል። ይህን ውዝዋዜ መስማት የቻለ ጆሮ ትልቁን ሥራ ጨርሷል ማለት ይቻላል። በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ ይህንኑ አድርግ፤ ቱነሩም ከሁለት ሳምንት በኋላ ለማረጋገጫ ብቻ ይሁን። ከሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እነዚህን ሁለቱን ያለ ስልክ ከለየህ በኋላ ይድረሱ። አዲስ የናይለን ክር በመጀመሪያው ሳምንት እየተለጠጠ ስለሚወርድ በአንድ ልምምድ ሦስት ጊዜ ብትቃኝ ክራሩ ተበላሸ ብለህ አትስጋ።

ግርፍ ስትጀምር ቀኝ እጅህ ሁሉንም ክር ይመታል፤ የግራ እጅህ ጣቶች ክሮቹ ላይ አርፈው ያፍኗቸዋል፤ እንዲሰማ የምትፈልገውን ክር ጣት ብቻ ታነሳለህ። ጀማሪ የሚያጠፋው ጣቱን አርቆ በማንሳት ነው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አርቆ ያነሳ ጣት በጊዜው አይመለስም፣ ያልተፈለገው ክርም አብሮ ይጮኻል። የጣት ጫፍ መቆጥቆጥ ያለ ነው። የእጅ አንጓ ሕመም ግን አያያዝህ እንደተበላሸ ስለሚነግርህ ወዲያው አቁም። መቀመጫ ከሆነ መደገፊያ የሌለው የጅማ በርጩማ ከሶፋ እጅግ ይሻላል፤ ጀርባህን ቀጥ ያደርግልሃል።

ከግማሽ ሰዓቱ 5 ደቂቃው ለቅኝት፣ 10 ደቂቃው በሜትሮኖም (ምትን በእኩል ፍጥነት በሚቆጥር መሣሪያ) ለምት፣ 10 ደቂቃው ለከበደህ አንድ ቁራጭ ብቻ፣ የቀረው ለወደድከው ዜማ ይሁን። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ አድርገህ ጀምር። አምስት ጊዜ በተከታታይ ሳትሳሳት ስትወጣው ወደ 64 ከፍ አድርግ፤ አንዴ ከሳትክ ወደ ኋላ ተመለስ። ለችክችካ እስከ ስድስት ቁጠርና 1 እና 4 ላይ ጠንከር በል። አራት አራት የሚቆጥር ጀማሪ ከዘፋኙ ጋር የማይገናኝበት ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ጊታር ጀምሬያለሁ። አንድን ነገር በደንብ ለመቻል 10,000 ሰዓት ያስፈልጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ካወጡት፣ የበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎችን ካጠኑበት ሥራ ነው። ምርጥ የተባሉት ተማሪዎች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ 7,410 ሰዓት ብቻቸውን ተለማምደው ነበር፤ 10,000 የሚባለው 20 ዓመት ገደማ ላይ የደረሱበት አማካይ ነው። የሙዚቃ መምህር ለመሆን ይማሩ የነበሩት ደግሞ በ18 ዓመታቸው 3,420 ሰዓት ላይ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ሙያቸው ሙዚቃ ሊሆን የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። በቀን ግማሽ ሰዓት የምትለማመጂ ከሆነ 10,000 ለመሙላት 55 ዓመት ገደማ ይወስድብሻል፤ ጓደኞችሽን ለማጀብ ግን ያን ያህል አያስፈልግሽም። ከጥናቱ የምትወስጂው ሌላ ነገር አለ፦ የተቆጠረው ሰዓት ለይቶ፣ ድክመት ላይ አተኩሮ የተሠራበት ልምምድ ነው። የሚያውቁትን ዘፈን ደጋግሞ መጫወት እዚያ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ኪቦርድ ካልተገዛልኝ ብላለች። ምን ዓይነት ልግዛ? በቀንስ ስንት ሰዓት ታጥና? (የልጆች እናት፣ ከጅሬን)

መልስ፦ እህታችን፣ 61 ቁልፍ ያለው፣ ቁልፉ በኃይል ሲመታ የሚጮኽ፣ በቀስታ ሲነካ የሚለሰልስ ይግዙ። መብራት ሲጠፋ ልምምዱ እንዳይቋረጥ በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ቢሆን መልካም ነው። ለ7 ዓመት ልጅ በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ቅዳሜ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል። አውቶማቲክ አጃቢውን ምት ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ዝጉት። ያ ምት የልጅን ስህተት ስለሚሸፍን ልጅቷም እርስዎም አትሰሙትም። ክርኗ ከቁልፉ ጋር እኩል ይሁን፣ እግሯ መሬት ካልደረሰ ከሥሩ ሣጥን ያድርጉላት።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማሲንቆ ጀምሬ 4 ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ሲጮኽብኝ ነበር፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ድምፁ ሞቷል። እጄ ነው ወይስ መሣሪያው? (ከአጂፕ)

መልስ፦ አባታችን፣ ሁለቱም ናቸው፤ ግን ምክንያታቸው ለየብቻ ነው። ጩኸቱ ብዙውን ጊዜ ከደጋኑ ነው። የደጋኑ ጭራ ዕጣን ካልተቀባ ይንሸራተታል፣ ከበዛበት ደግሞ ይቧጥጣል። ደጋኑን ካስኬዱ በኋላ ነጭ ብናኝ ቆዳው ላይ ከተከማቸ በዝቷል ማለት ነው፤ ጭራውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ከዚያ የግራ እጅዎን ይዩ። የማሲንቆ ጭራ እንደ ጊታር ክር እንጨቱ ላይ አይጫንም፤ ጣት ከጎን ነካ አድርጎ ይይዘዋል። ከተጫነ ድምፁ ይሰነጠቃል። የጣት ምልክት የሌለበት መሣሪያ ስለሆነ ቦታውን የሚያገኘው ጆሮ ነው፤ 4 ወር ለማሲንቆ ገና ጥዋት ነው። ለስድስት ሳምንት ያህል ጣት ሳያስገቡ፣ ደጋኑን በባዶው ጭራ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ማስኬድ በየልምምዱ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ይስጡት።

የሞተው ድምፅ ግን የጅማ እርጥበት ነው። ከተማው በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ብርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ጭራውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቅኝቱም አብሮ ይወርዳል። ቆዳውን በጣት መታ ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሌለውና ጣትዎ ወደ ውስጥ ከሰረገ ረጥቧል። ከከሰል ምድጃ አንድ ሜትር ያህል ርቀው እያገላበጡ ለጥቂት ደቂቃ ያሙቁት፤ እሳቱ አጠገብ ከቀረበ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የተጣበቀበትም ይለቃል። ሲያስቀምጡት በጨርቅ ከረጢት፣ ጫማ ሣጥን ውስጥ ከሚመጡት የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሁለት ሦስት ጨምረው፣ ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ራቅ አድርገው ይስቀሉት። ብርኩማው ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ በርጩማ የሚቀርጽ የእንጨት ባለሙያ አሮጌውን አይቶ ሌላ ያወጣልዎታል።

ቆዳው ረጥቦ ሳለ ቅኝቱ እንዲመለስ ብለው መቃኛውን አጥብቀው አያዙሩ። ያጠበቁት ካለ ጥቅምት ከመግባቱ በፊት በአንድ ዙር ያላሉት፤ ፀሐዩ ሲጠና ቆዳው ይሰበሰባል፣ ጭራው የሚበጠሰውም ቆዳውም ብርኩማው ሥር የሚቀደደው ያኔ ነው።